የጥይት ካዝና ሲገባ ራሱን የሚዘጋ የሽጉጥ ስላይድ፦ የፍተሻና የጥገና ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ችግሩ

ሽጉጡ 9 ሚሊሜትር ነው። ፍሬሙ (እጀታ ያለው የታችኛው አካል) ፖሊመር፣ ማለትም ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ መዶሻ የለውም፣ በመቺ መርፌ የሚሠራ ዓይነት ነው። ጥይት ሲያልቅ ስላይዱ (ፍሬሙ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የላይኛው ብረት) ወደ ኋላ ተከፍቶ ይቆማል። እስከዚህ ጤነኛ ነው። ሙሉ ካዝና (እጀታው ውስጥ የሚገባውን የጥይት መያዣ) መታ አድርጌ ሳስገባ ግን ስላይዱ ማንም ሳይነካው ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ሁልጊዜ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ቢያንስ ይታወቅ ነበር። አንዳንዴ ነው። ሥራ ያበዛው ይሄ "አንዳንዴ" ነው።

ስለዚህ ነገር ሰው ሁለት ዓይነት ያወራል። አንዱ "ተበላሽቷል፣ እንዳትነካው" ይላል። ሌላው "እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ፍጥነት ይጨምራል" ይላል። ሁለቱም ሽጉጡን ፈታ አድርገው ያዩት አይመስለኝም። ስለዚህ ጉዳዩን ለያየሁት። ለምን ይዘጋል? ሲዘጋ ሊተኩስ ይችላል? ሲዘጋስ በርግጥ ያጎርሳል፣ ማለትም ጥይት ወደ ቻምበሩ (ጥይት የሚተኮስበት የቧንቧው የኋላ ክፍል) ያስገባል? ሦስቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሰው ግን አንድ ላይ አጭቆ "አደገኛ ነው ወይስ አይደለም?" ብሎ ይጠይቃል።

ደንቡን መጀመሪያ ጻፍኩ፦ የሥራ ጠረጴዛው ባለበት ክፍል እውነተኛ ጥይት አይገባም። በኪስም፣ በሳጥንም፣ "ለአንድ ደቂቃ"ም አይገባም። አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ በዚያ በኩል ሰው የሌለበት ወፍራም ግድግዳ አለ። ጣት ከቃታው ውጪ ነው። ክፍሉን ለቅቄ ከተመለስኩ ቻምበሩንም ካዝናውንም እንደ አዲስ አያለሁ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይህን ሥራ ያለዚህ መጀመር አይቻልም።

የተጠቀምኩባቸው ዕቃዎች፦ ባሩድም ፕራይመርም (የጥይት ቂጥ ላይ ያለው፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) የሌላቸው የልምምድ ጥይቶች፣ ካሊፐር (ትንንሽ ርዝመት መለኪያ)፣ አጉሊ መነጽር፣ ጥቁር ማርከር፣ ፓንች (ፒን መምቻ ዘንግ) እና ትንሽ መዶሻ፣ የጎማ መዶሻ፣ ትንሽ ሚዛን፣ በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ስልክ። ውድ ነገር የለበትም። ገንዘብ የሚበላው የልምምድ ጥይቱ ነው፤ እሱም ርካሹን ከገዙ ጣጣ አለው፣ ወደታች እጽፈዋለሁ።

ሳምንት 1፣ ቀጥሎ፦ ማቆሚያዋ እንዴት ትሠራለች

የስላይድ ማቆሚያዋ ቀጭን የብረት ምላስ ናት። ፍሬሙ ጎን ላይ በፒን ተይዛ ከፍ ዝቅ ትላለች። ትንሽ ሞላዋ ሁልጊዜ ወደ ታች ትገፋታለች። ካዝናው ባዶ ሲሆን ጥይቶቹን ከሥር የሚገፋው ሳህን (ገፊ እለዋለሁ) ወደ ላይ ያነሳታል። ስላይዱ ወደ ኋላ ሲሄድ ጠርዙ ላይ በተቆረጠች ትንሽ ማረፊያ ውስጥ ትገባና ትይዘዋለች።

ባዶው ካዝና ሲወጣ ግን ወደ ላይ የሚገፋት ነገር የለም። ታዲያ ሞላዋ ለምን አታወርዳትም? ዋናው የስላይድ ሞላ ስላይዱን ወደ ፊት እየገፋ ምላሷን ስለጫናት ነው። በዚያች ሰዓት የያዛት ሰበቃና የማረፊያዋ ቅርጽ ብቻ ነው። ሌላ ቁልፍ የለም። ይሄን ያወቅኩት ፈትቼ ሳየው ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ግጥም ብሎ የተቆለፈ ይመስላል።

አሁን ካዝናው ከሥር ይመታል። ፍሬሙ ወደ ላይ ዘለል ይላል። እጀታው ዘመም ያለ ስለሆነ ትንሽ ወደ ፊትም ይሄዳል። ስላይዱ ከባድ ብረት ነው፣ ቶሎ አይከተልም። አውቶቡስ ድንገት ሲነሳ ቆሞ ያለ ተሳፋሪ ወደ ኋላ እንደሚንገዳገደው፣ ስላይዱም ከፍሬሙ አንጻር በጣም ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ያኔ ምላሷ ላይ የነበረው ጫና ይላላል። ምላሷ ራሷም ፍሬሙ ሲዘል ወደ ታች ትቀራለች፤ ሞላዋ ደግሞ ታግዛታለች። ከማረፊያዋ ወጣች ማለት ስላይዱ ሄደ ማለት ነው።

ይሄ እንግዲህ ግምት ነው። ቀጣዩ ሥራ ግምቱን መፈተሽ ነው።

ሳምንት 2፦ ሦስት ሙከራዎች

የመጀመሪያው ያለ ካዝና ነው። ስላይዱን ከፍቼ አቆምኩ፣ እጀታውን ከሥር በጎማ መዶሻ መታሁ። ቀስ ሲባል ዝም። ጠንከር ሲል ተዘጋ። ካዝና የለም፣ ጥይት የለም፣ ማቆሚያዋንም ማንም አልነካትም። ስለዚህ ጉዳዩ ካዝናው የሆነ ነገር ገፍቶ ሳይሆን ምቱ ራሱ ነው። ይሄን ሙከራ አልደጋገምኩትም። ባዶ ቻምበር ላይ ስላይድን በሙሉ ኃይል መልቀቅ ለብረቱ ጥሩ አይደለም። በተለይ 1911 የሚባለው፣ መዶሻ ያለው የአሜሪካ ሽጉጥ ዓይነት ያለው ሰው ይሄን ሙከራ ይዝለለው፤ መዶሻውን ይዞ የሚያቆመው ስስ ጠርዝ በዚህ ይጎዳል።

ሁለተኛው በባዶ ካዝና ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ሙከራ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ጤነኛውን ከታመመው ይለያል። ባዶ ካዝና ሲገባ ገፊው ማቆሚያዋን ወደ ላይ ደግፎ ይይዛታል። በዚህ ጊዜ ጠንከር ተደርጎም ቢመታ ስላይዱ መዘጋት የለበትም። የኔ አልተዘጋም። ቢዘጋ ኖሮ ወይ ምላሷ ወይ ማረፊያዋ ተበልታለች፣ ወይ የካዝናው ሞላ ደክሟል ማለት ነበር። ያኔ ጉዳዩ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል።

ሦስተኛው በልምምድ ጥይት የተሞላ ካዝና ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ተምታታ። በጠረጴዛው ላይ በጣም አልፎ አልፎ ብቻ ተዘጋ። በተኩስ ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ይዘጋ ነበር። ያው ሽጉጥ፣ ያው እጅ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዘይቱን ነበር፣ ከዚያ ቆሻሻውን። አጸዳሁ፣ አደረቅሁ፣ መልሼ ቀባሁ። ለውጥ የለም።

መልሱን የሰጠኝ ሚዛኑ ነው። አንድ እውነተኛ 9 ሚሊሜትር ጥይት፣ እርሳሱ (ከአፈሙዝ የሚወጣው ጫፍ) 124 ግሬይን (የጥይት ክብደት መለኪያ) ከሆነ፣ ጠቅላላ 12 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ እርሳሱ ብቻውን 8 ግራም ነው። የኔ የልምምድ ጥይቶች አሉሚኒየም ናቸው፣ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞሉም። 15 እውነተኛ ጥይት የያዘ ካዝና ካዝናው ራሱ ሳይቆጠር 180 ግራም ይሸከማል። ከባድ ካዝና በተመሳሳይ ፍጥነት ሲገባ የሚያሳርፈው ምት በዚያው ልክ ይከብዳል። ቀላል ጥይት ሞልቶ "ሞከርኩት፣ አልተዘጋም" ማለት ዋጋ የለውም።

ክብደታቸው ከእውነተኛው የሚመሳሰል የልምምድ ጥይቶች አሉ፣ ትንሽ ይወደዳሉ። እነሱን አገኘሁ። ወዲያው ጠረጴዛው ላይም እንደ ተኩስ ቦታው መዝጋት ጀመረ። ከዚህ በኋላ ያለው ሙከራ ሁሉ በከባዶቹ ነው። ቀይ ቀለም ቀብቻቸዋለሁ፣ በአንድ እይታ ከእውነተኛ እንዲለዩ።

ሳምንት 2፣ ቀጥሎ፦ ቪዲዮው

ስልኩን በጎን አቆምኩና ጓደኛዬ ካዝናውን እያስገባ ቀረጽኩ። በሰከንድ 240 ምስል ሲቀረጽ በአንዱና በሚቀጥለው ምስል መካከል 4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ አለ። ብዙ ነገር ያመልጣል፣ ግን ለዚህ ሥራ ይበቃል።

በጥሩዎቹ ቅጂዎች ላይ የሚታየው እንዲህ ነው። የካዝናው ታች እጀታውን ይነካል። ስላይዱ ፀጉር በምታህል ወደ ኋላ ሸርተት ይላል። የምላሷ ጫፍ ከማረፊያዋ ትጎድላለች። ከዚያ ስላይዱ የለም፣ ደብዛዛ መስመር ብቻ ነው የሚታየው። ግምቱ ሠርቷል።

ሌላ ነገርም ታየ፣ ያልጠበቅኩት። ጓደኛዬ ካዝናውን ሲያስገባ የያዘበት እጅ አውራ ጣት አንዳንዴ ማቆሚያዋ ላይ ተኝታለች። እሱ አያውቀውም። ምቱ ሲመጣ ጣቱ ወደ ታች ገፋ ታደርጋታለች። ከውጭ ለሚያይ "ራሱ ተዘጋ" ነው። ስለዚህ ይሄ ችግር አለብኝ የሚል ሰው መጀመሪያ ጣቱን ይቅረጽ። በግራ እጁ የሚተኩስ ሰው ደግሞ አመልካች ጣቱን ይይ። እኛ የጣቷን ቅጂዎች ለይተን ጣልናቸው፣ ከነሱም በኋላ ችግሩ አለ።

የምቱ አቅጣጫም ለውጥ አለው። ካዝናው ቀጥ ብሎ፣ በመዳፍ ተገፍቶ ጠቅ ሲል ብዙም አይዘጋም። ከርቀት ተነስቶ በጥፊ ሲመታ ይዘጋል። አፈሙዙ ወደ ላይ ቀና ብሎ ከተያዘ ደግሞ ይለያል። እጅ ሲለዋወጥ ውጤቱ ይለዋወጣል። በዚህ ላይ የተመሠረተ ልማድ አይታመንም ያልኩት እዚህ ላይ ነው።

ሳምንት 3፦ ሲዘጋ ሊተኩስ ይችላል?

ብዙ ሰው የሚፈራው ይሄን ነው። አጭሩ መልስ፦ ሽጉጡ ጤነኛ ከሆነና ጣት ከቃታው ውጪ ከሆነ፣ ስላይዱ በራሱ መዘጋቱ በእጅ ከመልቀቅ የተለየ ነገር አያደርግም። ያው ስላይድ፣ ያው ሞላ፣ ያው ፍጥነት ነው። ማን እንደለቀቀው ሽጉጡ አያውቅም።

እንዲያውም ሆን ተብለው እንዲህ የተሠሩ አሉ። የጀርመኑ ማውዘር ኤች ኤስ ሲ ካዝና ሲገባበት ስላይዱ ራሱ እንዲዘጋ ነው የተነደፈው። ከሱ በፊት የነበረው የ1914 ሞዴል ማውዘርም እንዲሁ። ጠመንጃ ውስጥ ኤም 1 ጋራንድ አለ፤ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1936 የተቀበለው። 8 ጥይት የያዘው ክሊፕ ቦታው ሲደርስ መዝጊያው ራሱ ይሄዳል፣ አውራ ጣቱን ቶሎ ያላነሳ ወታደርንም ጣቱን ይቆረጥመዋል። እነዚህ ላይ ማንም "ተበላሸ" አይልም። ልዩነቱ እነሱ ሁልጊዜ ያደርጉታል፣ የኔው ሲያሻው።

"ሽጉጡ ጤነኛ ከሆነ" ያልኩት ግን ቃል ብቻ እንዳይሆን ፈተሽኩት። ስላይዱን ከፍሬሙ አወጣሁ። የዚህ ዓይነት ሽጉጥ ስላይድ ውስጥ መርፌውን የሚያግድ ትንሽ ክብ ቁልፍ አለ፤ ቃታ ካልተሳበ በቀር አይለቅም። መርፌውን ከኋላ በጣቴ ወደ ኋላ ስቤ ቀስ ብዬ ወደ ፊት መለስኩት፣ ከዚያ ገፋሁት። ጫፉ ከመዝጊያው ፊት አልወጣም። ክብ ቁልፉን ስጫን ወጣ። ትክክል ይሄ ነው። ቁልፉ ሳይጫን ጫፉ ቢወጣ ኖሮ ሥራው እዚያው ይቆማል፣ ጥይትም አይገባበትም።

የመርፌው መተላለፊያም ታየ። እዚያ ውስጥ ዘይት አይፈለግም። ዘይቱ ከባሩድ ጥቀርሻ ጋር ተቦክቶ ለጥፎ ይይዛል። መርፌው ወደ ፊት ወጥቶ ከተጣበቀ ስላይዱ ሲዘጋ በፕራይመሩ ላይ ያርፋል፣ ቃታ ሳይሳብም ሊተኩስ ይችላል። የኔው ውስጥ ጥቂት ጥቁር ነገር ነበር። አጸዳሁት፣ ደረቅ አድርጌ መለስኩት።

ይሄ ቁልፍ የሌላቸው ሽጉጦችም አሉ። የድሮው 1911 የለውም፤ መርፌውን የሚመልስ ሞላ ብቻ ነው ያለው፤ ሠሪው ኮልት እንዲህ ያለ ማገጃ በስፋት የጨመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ማካሮቭ የሚባለው የሶቪየት ሽጉጥ ደግሞ መርፌው ሞላ እንኳ የለውም፣ መተላለፊያው ውስጥ በነጻ ይንሸራተታል። ስላይዱን አውጥቶ ሲነቀንቁት ሽክ ሽክ ሲል ይሰማል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ስላይዱ ሲዘጋ መርፌው በራሱ ፍጥነት ፕራይመሩን ጫር ሊያደርግ ይችላል። በደንብ በተሠራ ጥይት ብዙውን ጊዜ አይበቃም። ፕራይመሩ በጣም ልስልስ ከሆነ ወይም ከቀለሁ ቂጥ ወጣ ብሎ ከተቀመጠ ግን ሌላ ነገር ነው። በቤት የተሞላ ጥይት የሚጠቀም ሰው የእያንዳንዷን ቂጥ በጣቱ ዳሰስ ያድርግ።

መዶሻ ያላቸው ላይ የሚታይ ሌላ ምልክትም አለ። ስላይዱ ሲዘጋ መዶሻው ተቀባብሎ መቅረት ሲገባው አብሮ ከወረደ፣ ወይም ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ፣ ውስጥ የሚይዘው ጥርስ ተበልቷል። ይሄ ከማቆሚያዋ ጋር አይገናኝም። ግን ስላይዱ ራሱ ሲዘጋ ሰው ልብ የሚለው ያኔ ነው፣ ሁለቱንም ያደባልቃቸዋል። ለቤት ሞረድ የሚሆን ሥራ አይደለም፤ ለጠጋኝ ነው።

ሳምንት 4፦ ተዘጋ ማለት አጎረሰ ማለት ነው?

እኔን ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው። ከመተኮሱ ይልቅ አለመተኮሱ፣ ወይም ባዶ ነው የተባለው ባዶ አለመሆኑ።

ጓደኛዬ ከባዶቹን የልምምድ ጥይቶች ሞልቶ በጥፊ ያስገባል፣ እኔ ቻምበሩን አያለሁ። ብዙ ጊዜ ጎርሷል። ከዚያ አንዱ ላይ፦

"ተዘጋ። ጎረሰ ማለት ነው።"

"ቆይ፣ ሳብ አድርገህ እየው።"

ሳበው። ቻምበሩ ባዶ። የላይኛዋ ቀይ ጥይት ካዝናው ውስጥ እንደተቀመጠች አለች። ካዝናውን ጎተት ሲያደርገው ደግሞ ያለ ምንም ቁልፍ ላጥ ብሎ ወጣ። ሁለታችንም ዝም አልን፣ ከዚያ ቪዲዮውን መለስን።

ቅጂው ላይ ግልጽ ነው። መዳፉ ካዝናውን ብቻ ሳይሆን የእጀታውንም ጠርዝ መትቷል። ፍሬሙ ካዝናው ቦታው ከመድረሱ በፊት ዘለለ። ስላይዱ ሲያልፍ የላይኛዋ ጥይት ገና ዝቅ ብላ ነበረች፣ ስላይዱ ከላይዋ ሄደ። የካዝናው መያዣም አልያዘም። ከውጭ ሲታይ ግን ስላይዱ ተዘግቷል፣ ካዝናው ገብቷል፣ ድምፁም ትክክል ነው። ቃታ ቢሳብ የሚሰማው ጠቅ ብቻ ነው።

ተቃራኒውም አለ፣ እሱ ደግሞ የከፋ ነው። ሰውየው ስላይዱ ክፍት ሆኖ ሙሉ ካዝና አስገብቶ ሊያስቀምጠው ያስባል። ሳያስተውል ተዘጋ። "አላቀባበልኩም፣ ስለዚህ ቻምበሩ ባዶ ነው" ብሎ ያስቀምጠዋል። ሽጉጡ ግን ጎርሷል። ራሱን የሚዘጋ ስላይድ ላይ "አላቀባበልኩም" ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ለራሳችን ያወጣነው አሠራር፦ ካዝናው ተገፍቶ ጠቅ ይበል፣ ከዚያ ወደ ታች ጎተት ይደረግ። ስላይዱ ቢዘጋም ባይዘጋም በእጅ ከላይ ተይዞ እስከ መጨረሻው ተስቦ ይለቀቅ። ራሱ ዘግቶ ጎርሶ ከነበረ አንድ ጥይት ዘሎ ይወድቃል። ይውደቅ። የአንድ ጥይት ዋጋ ነው። ልምምድ ላይ ከሆነና ጥይቱን ማጣት ካልተፈለገ ስላይዱን ትንሽ ብቻ ሳብ አድርጎ ቀለሁን ማየት ይቻላል፣ ጣት ከአፈሙዙ ርቆ። አንዳንዱ ሽጉጥ ቻምበሩ ላይ ማያ ቀዳዳ ወይም ብቅ የሚል ምልክት አለው፣ ጨለማ ውስጥ በጣት የሚዳሰስም አለ። እኔ ምልክቱን አያለሁ፣ አምኜው ግን አልቀመጥም።

አንድ ነገር በዚህ ላይ። ስትወድቅ ያነሱዋትን ጥይት መልሶ መላልሶ ማጉረስ ጥሩ አይደለም። እርሳሷ በመጣች ቁጥር መግቢያው ላይ እየተጋጨች ወደ ቀለሁ ውስጥ ትሰምጣለች። የ9 በ19 (ያው የዚህ 9 ሚሊሜትር) ጥይት ርዝመት ቢበዛ 29.69 ሚሊሜትር ነው፤ የፋብሪካዎቹ ከዚያ ትንሽ ያነሱ ናቸው። አዲስ ጥይትና ደጋግማ የጎረሰችውን ጎን ለጎን በካሊፐር ለካሁ። በዓይን አይለይም፣ በካሊፐር ግን የኋለኛዋ አጥራለች። እርሳሱ ሲሰምጥ ለባሩዱ የቀረው ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱም ይጨምራል። እንዲህ ያለችውን ለይቶ ማስወገድ ነው።

ሳምንት 5፦ ማቆሚያዋና ማረፊያዋ

ባዶው ካዝና ይዞታል፣ ስለዚህ ብዙም አልተበላም ብዬ ነበር። ቢሆንም ማየት ነበረብኝ።

የምላሷን ጫፍና የማረፊያዋን ጠርዝ በጥቁር ማርከር ቀባሁ። ስላይዱን ከፍቼ አቆምኩ፣ ለቀቅኩ፣ ደጋገምኩ። ከዚያ አወጣሁት። ቀለሙ የተፋቀው ብረት ከብረት የሚነካበት ቦታ ነው። በጤነኛ ላይ የምላሷ ፊት ሰፋ ብሎ መፋቅ አለበት። የኔ ላይ ከላይኛው ጫፍ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ነበረች የተፋቀችው። በአጉሊ መነጽር ደግሞ የምላሷ ጥግ ክብ ብላለች። ስለት የነበረው ጥግ ለስልሷል። የስላይዱ ማረፊያ ግን ደህና ነው፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ትንሽ አብረቅርቆ ብቻ።

ይሄ የምሥራች ነው። ምላሷ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ከሽጉጡ ክፍሎች ርካሽ ከሚባሉት። ስላይዱ ነው ውድ። ሁለቱ ሲፋጩ መበላት ያለባት ምላሷ ናት።

ሞረድ ይዞ ማረፊያዋን "ላስተካክል" የሚል ሰው አለ። አይሆንም። ያቺ ጠርዝ የተሠራችበት አንግል ነው የሚይዘው። አንዴ ከተሞረደ አይመለስም፣ መፍትሔውም አዲስ ስላይድ ነው።

አዲስ ማቆሚያ ከፋብሪካው ዓይነት ገጠምኩ። ረዘም ያለውን፣ ለጣት ምቹ የሚባለውንም ከጓደኛዬ ተውሼ ሞከርኩ። ረዥሙ ሲገጠም ከበፊቱም በላይ ዘጋ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የከበደች ምላስ ፍሬሙ ሲዘል ይበልጥ ወደ ታች ትቀራለች፣ የረዘመችው ደግሞ ለጣትም ትጋለጣለች። መለስኩለት። እሱ አሁንም ይወዳታል።

የፋብሪካዋ አጭሯ ከገባች በኋላ በቀስታ ግፊት ምንም አልዘጋም። በጥፊ ሲመታ አሁንም አንዳንዴ ይዘጋል፣ ግን ከበፊቱ በጣም ቀንሷል። የማቆሚያዋን ትንሿን ሞላም አየሁ፤ ቦታዋ ላይ ናት፣ አልተጣመመችም። ይቺ ሞላ ስትገጠም ከምላሷ በታች ወይም በላይ መግባቷ ለውጥ ስላለው ከመፍታት በፊት ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል።

የስላይዱን ዋና ሞላም በአዲስ ቀየርኩ፣ ለማንኛውም ጊዜው ደርሶ ነበር። የደከመ ሞላ ምላሷን የሚጫንበት ኃይል ያንሳል፣ ሰበቃውም አብሮ ያንሳል። ትንሽ ረዳ። ብዙ አይደለም።

ሳምንት 6፦ ተኩስ ቦታው ላይ

እውነተኛ ጥይት እዚህ ብቻ። አፈሙዙ ወደ አፈሩ ቁልል፣ ጣት ወጥቶ፣ ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆሞ።

መጀመሪያ ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሆነ ነገር ውስጡ ተበልቶ ሳላየው ቀርቶ ስላይዱ ሲዘጋ ቢተኩስ፣ የምትወጣው አንዲት ናት። ከዚያ ሁለት፣ ሁለቱ ተከታትለው አለመውጣታቸውን ለማየት። ከዚያ ነው ሙሉው።

በአንድና በሁለት ጥይት ካዝናው ቀላል ስለሆነ ራሱ አልዘጋም። በእጅ ሳቀባብል በትክክል ጎረሰ። የጎረሱትን ሳልተኩስ አውጥቼ ቂጣቸውን አየሁ፤ ፕራይመራቸው ላይ የመርፌ ምልክት የለም። በነጻ የሚንሸራተት መርፌ ያለው መሣሪያ ቢሆን ትንሽ ነጥብ ማየት አያስደነግጥም ነበር፣ የኔው ላይ ግን መኖር የለበትም።

በሙሉ ካዝና በጥፊ ሲገባ አልፎ አልፎ ተዘጋ። በዘጋ ቁጥር ቻምበሩን አየን፣ ከዚያ አቀባበልን። ባዶ ሆኖ የተገኘ አልነበረም፣ ግን እጀታውን ሳይሆን ካዝናውን ብቻ እየመታን ነበር። እጀታውን በእውነተኛ ጥይት መምታት አልፈለግኩም፤ ያ ሙከራ በቀዮቹ ተሠርቷል፣ ይበቃል።

ጓደኛዬ "ታዲያ ተጠገነ ወይስ አልተጠገነም?" አለ። አልተጠገነም። የተበላው ዕቃ ተቀየረ፣ የቀረው የዲዛይኑ ነው። ፖሊመር ፍሬም ያላቸው ብዙ ሽጉጦች በጠንካራ ምት ይሄን ያደርጋሉ። ሙሉ በሙሉ ላጥፋው ብል ምላሷ ጠንክራ እንድትይዝ ማድረግ አለብኝ፣ ያ ደግሞ በጣት መልቀቁን ያከብደዋል። አልፈልገውም።

ቀሪ ሥራ

የድሮዋን ምላስ አልጣልኳትም። በየጊዜው ከአዲሷ ጋር በአጉሊ መነጽር አስተያያለሁ፣ ጥጓ መልሳ መክበብ ከጀመረች ቶሎ እንዳውቅ። የማርከሩን ሙከራም ዋናውን ሞላ በምቀይርበት ጊዜ እደግመዋለሁ።

ሌሎቹን ካዝናዎች በየቁጥራቸው በባዶው ሙከራ እያለፍኩ ነው። አንዱ ላይ ስላይዱ ራሱ ክፍት ሆኖ መቆም አቃተው፣ ከነጭራሹ። የገፊው ጫፍ ተላልጧል። ለልምምድ ብቻ ብዬ በቀይ ቀለም መስመር አሰመርኩበት፤ አዲስ ገፊና ሞላ እስኪገኝለት።